ስሙ ከመጋረጃ በስተኋላ የቀረ አቀናባሪ፦ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ የጅቡቲ መስመርና የኦርኬስትራ መታሰቢያ

፩. የወደቡ በር

በ1916 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች ከኢየሩሳሌም ተነሥተው በቀይ ባሕር በኩል ጅቡቲ ደረሱ። ከወደቡ በባቡር ተሳፍረውም ጳጉሜን 1 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924፣ አዲስ አበባ ገቡ። በኦቶማን ግዛት ከ1915 ጀምሮ ከተፈጸመው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ልጆች ነበሩ፤ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ጥበቃ ሥር ሲያድጉ የነፋስ መሣሪያ መጫወት ተምረዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ጨዋታቸውን ሰምተው ወደዱት፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም ልጆቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። መሪና አስተማሪ ሆነው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን (1887–1963) ነበሩ።

አዲስ አበባ ለእነዚህ ልጆች ስም አወጣችላቸው፤ «አርባ ልጆች» አለቻቸው። ስሙ እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ይኖራል። ነገር ግን ስሙ ቁጥር እንጂ የማንም ሰው መጠሪያ አይደለም። ማን ትራምፔት እንደ ነፋ፣ ማን ክላሪኔት እንደ ያዘ፣ ማን ከበሮ እንደ መታ ከስሙ አይታወቅም። የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ እንዲህ በወል ስም መጀመሩ በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ መነሻ ነው፦ በብዙ ሰዎች እጅ የሚሠራ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ባለቤቱ ማን ይባላል? ሥራው በስሙ ሳይጠራ ለቀረ ሙዚቀኛስ ባልደረቦቹ ምስጋናቸውን በምን ያቀርባሉ?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ታሪክ ይመረምራል። ሰውየው የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው፤ መታሰቢያውም ከሞታቸው በኋላ ከባሕር ማዶ የመጣ ኦርኬስትራ ያቀረበላቸው ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአዲስ አበባ ቢሆንም በሩ ጅቡቲ ነው፤ ለጥያቄው የሚረዳ መልስም ከፊሉ በጅቡቲ ከተማ ይገኛል። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. በሐዲዱ ላይ የመጡ ቃላት

የጅቡቲ የባቡር መስመር ሥራ በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። መስመሩ ከዕቃና ከመንገደኛ ጋር ቃላትንም አመላለሰ። የአዲስ አበባው «ለገሃር» ጣቢያ ማለት የሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ከነመስተአምሩ ተወስዶ የሰፈር ስም የሆነበት ነው። የዕቃ መጫኛው «ፉርጎ»ም ከፈረንሳይኛ ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል ደግሞ ሥሩ እንፋሎት ማለት የሆነ የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ዞሮ መጥቷል። አማርኛ በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ሲሰጠው ሶማልኛ ያንኑ ቃል ለመኪና ያውለዋል። በአንድ ወደብ የገባ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሆኖ መቅረቱ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

የሙዚቃው ቃላትም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። «ማርሽ» ለሰልፍ ሙዚቃም ለመኪና ፍጥነት መለወጫም ይነገራል፤ ሁለቱም የመራመድን ትርጉም ከያዘው የአውሮፓ ቃል የወጡ ናቸው። «ኖታ» ከጣልያንኛ፣ «ባንድ» ከእንግሊዝኛ መጥተዋል። «ኦርኬስትራ»ም የባዕድ ቃል ሆኖ ቀርቷል። የመሣሪያዎቹ ስሞች፣ ትራምፔትም ሆነ ሳክስፎን፣ ሳይተረጐሙ ገቡ።

በዚህ የባዕድ ቃላት ክምችት መካከል የአገሬውን ቃል ያገኘ አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም የአቀናባሪ ሙያ ነው። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብለው የሚዘረዘሩት ሦስቱ ሥራዎች ሁሉም በአማርኛ ይጠራሉ። «አቀናበረ» የሚለው ግሥ ከ«ቀንበር» ጋር አንድ ዓይነት ተነባቢዎች አሉት። የዘር ዝምድናውን መወሰን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቢተውም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሁለቱ ቃላት ይቀራረባሉ። ቀንበር ሁለት በሬዎች በአንድ ፈር እንዲሄዱ ያደርጋል፤ አቀናባሪም የየራሳቸው ድምፅና የየራሳቸው ቁመት ያላቸውን መሣሪያዎች በአንድ ዜማ ሥር ያሰልፋል። አራሹ የሚያመሰግነው በሬዎቹን ነው፤ ቀንበሩን ማን እንደ ጠረበው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

፫. የነርሲስ ሥራ

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 በአይንታብ፣ በዛሬዪቱ የቱርክ ከተማ ጋዚያንቴፕ፣ ተወለዱ። ያደጉት በሶርያዪቱ ሐለብ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸው ወደ ሚኖሩበት አዲስ አበባ መጡ። በዚያን ጊዜ ኬቮርክ ስማቸውን ተክለዋል፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትንና ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እርሳቸው ናቸው። መዝሙሩ ከዘውዱ ሥርዓት ጋር እስከ ተነሣበት ጊዜ ድረስ አገሪቱ ስትዘምረው ኖራለች።

የነርሲስ መንገድ ከአጎታቸው ተለየ። የእርሳቸው ሥራ በበዓል ቀን ሕዝብ ተነሥቶ የሚሰማው አንድ መዝሙር ሳይሆን የዘወትር ሥራ ነበር። ከነጻነት በኋላ በከተማዪቱ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሠሩ። የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልዌከር ይመሩት የነበረውን የቴአትሩን ኦርኬስትራም ነርሲስ ተረከቡት። ድምፃውያንን አሠለጠኑ፣ መዘምራንን አስተማሩ፣ ዜማ ደረሱ፣ ከሁሉም በላይ አቀናበሩ። በ1977 በአዲስ አበባ አረፉ።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት በወረቀቱ ላይ የነበረውን ችግር ማየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ዜማ በአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ሲንቀሳቀስ በእያንዳንዱ ቅኝት ውስጥ አምስት ድምፆች አሉ። የነፋስ መሣሪያዎቹና አብሯቸው የመጣው የድምፅ አጣጣል ትምህርት ግን በሰባት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለምሳሌ በሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይገኛሉ፤ ፋና ሲ የሉም። በምዕራቡ ትምህርት አንድ ሙዚቃ ማለቁን የሚያበሥረው ሲ ወደ ዶ ግማሽ እርምጃ ስትወጣ ነው። ሲ የሌለችበት ቅኝት በዚያ መንገድ ሊዘጋ አይችልም። አቀናባሪው ሲን ከውጭ ቢያስገባ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ባያስገባ የተማረው የመዝጊያ ሕግ አይሠራለትም። በአንቺሆዬ ደግሞ ጠባብ ግማሽ እርምጃዎችና ሰፋፊ ክፍተቶች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ የተለመደው ሦስት ሦስት ድምፅ እየደረቡ መሄድ ጆሮን የሚያውክ ነገር ይወልዳል።

የአገሬው ባለሙያ ይህ ችግር አልነበረበትም። መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት አብረው ሲጫወቱ አንዱን ዜማ ሁሉም ይዞ እያንዳንዱ በራሱ ጣትና በራሱ ጌጥ ይሄዳል፤ ከዜማው በታች የሚነጠፍ ሌላ ድምፅ አይፈለግም። አሥራ አምስትና ሃያ መሣሪያ በመድረክ ሲሰለፍ ግን ሁሉም ዜማውን ቢነፋ ጩኸት ይሆናል፣ አብዛኛው ዝም ቢል ኦርኬስትራው ምን ያደርጋል? ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት፦ ዜማው የማን ነው፣ ምላሹ የማን ነው፣ መሠረቱን ማን ይይዛል፣ ማንስ የት ላይ ይተነፍሳል?

ከዚህም በላይ ሥራው የድካም ሥራ ነው። ክላሪኔትና ትራምፔት በአብዛኛው የተሠሩት በሲ ቤሞል፣ አልቶ ሳክስፎን በሚ ቤሞል ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ ለእያንዳንዱ በየራሱ ቁመት ኖታ ይጻፍለታል። አንድ አጭር ዘፈን በአቀናባሪው እጅ ደጋግሞ፣ በተለያየ ቁመት፣ በብዙ ወረቀት ይገለበጣል። ዘፈኑ ሲወደድ አድማጭ የሚያስታውሰው ድምፃዊውን ነው፤ ወረቀቶቹ ተሰብስበው ወደ መሳቢያ ይመለሳሉ።

፬. ስም የመጥራት ሦስት ልማዶች

የአቀናባሪው ስም ወደ ኋላ የቀረው በክፋት አይደለም። ስም የመጥራት ልማዶቻችን የተበጁት ለሌላ ዓይነት ሥራ ስለ ነበር ነው። በዚህ አካባቢ ሦስት ልማዶችን ማነጻጸር ይቻላል።

የመጀመሪያው የአዝማሪ ልማድ ነው። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። የሚጠራው ስም የሚወደሰው ሰው ስም ነው፤ የግጥሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ በማግስቱ ግን ግጥሙ የሁሉም ይሆናል። ይህ ልማድ ለተወዳሹ እንጂ ለሠሪው ስም መዝገብ አላዘጋጀም።

ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው። የዜማው ሁሉ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግንቦት 11 ቀንም በየዓመቱ ይታሰባል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ የዜማ መምህራን ብዙ ቢሆኑም ያስተማሩት «የያሬድ ዜማ» ይባላል። አንድ ስም ሁሉን ይሸከማል። ይህ ታላቅ የትሕትና ሥርዓት ነው፤ ሥራውን ለጀመረው አባት ክብር ይሰጣል፣ የኋለኛውን ሠሪ ግን ይሰውረዋል። ሙላቱ አስታጥቄ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ የምርምር ተቋም በቆዩበት ጊዜ በ2008 ከፊሉን ለመድረክ ያበቁትን ኦፔራ በያሬድ ስም መጥራታቸው ይህ ልማድ በዘመናዊው ሙዚቀኛ ዘንድም ሕያው መሆኑን ያሳያል። ሙዚቀኛው ሙዚቀኛን ሲያከብር ዐሥራ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተሻግሮ ነው።

ሦስተኛው በጅቡቲ ከተማ በየዕለቱ የሚሰማው የሶማልኛ ልማድ ነው። የሶማሊ ሥነ ግጥም ለብዙ ዘመን በቃል የኖረ ቢሆንም የሌላውን ግጥም የሚያነበንብ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም መጥራት፣ ቃሉንም ሳይለውጥ ማድረስ ይጠበቅበታል። የሶማልኛ ሊቅ የነበረው ቦጉሚል አንድዜየቭስኪ ከአይ ኤም ሉዊስ ጋር በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ እንዳልተጻፈ የደራሲ መብት ሕግ አድርጎ ገልጾታል። ልማዱ ወደ ዘፈንም ተሻግሯል፤ አንድ የሶማልኛ ዘፈን ሲተዋወቅ ቃሉ የማን፣ ዜማው የማን፣ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር የተለመደ ነው። የጅቡቲ ብሔራዊ መዝሙርም፣ አገሪቱ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ስትወጣ የተቀበለችው፣ በዚሁ መንገድ ይታወቃል፦ ቃሉ የአደን ኤልሚ፣ ዜማው የአብዲ ሮብሌ ነው።

ሦስቱ ልማዶች ሲነጻጸሩ የሶማልኛው ለሠሪው ስም እጅግ የቀረበ መሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም በቃል፣ በዜማና በድምፅ መካከል ለአቀናባሪው የተለየ ቦታ የለውም። ልማዱ የተፈጠረው አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ለሚያነበንብበት፣ ቢበዛ በጭብጨባ ወይም በአንድ ዑድ ለሚታጀብበት ጥበብ ነው። ብዙ ሰው በወረቀት ተመርቶ የሚጫወትበት ሙዚቃ ለሦስቱም ልማዶች እንግዳ ሆኖ መጣ።

፭. በኦርኬስትራ ማመስገን

ታዲያ ሙዚቀኞች ባልደረባቸውን ያለ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ፣ እንዴት ያስቡታል? በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚህ የቆየ ልማድ አለ። ፈረንሳዮች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለሞተ ሙዚቀኛ የሚደረስ ሙዚቃን «መቃብር» ብለው ይጠሩት ነበር። ሞሪስ ራቬል ከ1914 እስከ 1917 ለፒያኖ የጻፈውና በ1919 ከስድስቱ ክፍሎች አራቱን ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው ሥራ የፍራንሷ ኩፕራን «መቃብር» ይባላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በጦርነቱ ለሞቱ የራቬል ወዳጆች መታሰቢያ ነው። ኤስቶኒያዊው አርቮ ፓርት እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተን በ1976 መጨረሻ በሞተ ጊዜ በማግስቱ ዓመት በአውታር መሣሪያዎችና በአንድ ደወል ብቻ የሚጫወት መታሰቢያ ጻፈለት። ዱክ ኤሊንግተንም በ1970 ባቀረበው «ኒው ኦርሊንስ ስዊት» ውስጥ ሉዊ አርምስትሮንግን፣ ሲድኒ ቤሼን፣ ዌልማን ብሮድንና ማሃሊያ ጃክሰንን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የድምፅ ሥዕል ሥሎላቸዋል።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አመስጋኙ የሚናገረው በራሱ አንደበት ነው። ኤሊንግተን አርምስትሮንግን ሲሥል ብሩሹ የኤሊንግተን ነው። ተመስጋኙ የታወቀ ድምፅ ስላለው አድማጩ ሥዕሉን ከባለቤቱ ጋር ማስተያየት ይችላል። የታወቀ ድምፅ የሌለው፣ ሕይወቱን በሙሉ ሌሎች እንዲሰሙ ሲያደርግ የኖረ አቀናባሪ ግን በዚህ መንገድ ቢመሰገን አድማጩ ከምን ጋር ያስተያየዋል?

የኤሊንግተን ስም ወደ ኢትዮጵያው ታሪክ ይመልሰናል። ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር በኖቬምበር 1973 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም የክብር ኒሻን ተቀበለ። ሙላቱ አስታጥቄ በተለያዩ ጊዜያት እንደ ተናገሩት «ደወል» የተባለውን ሥራቸውን ለእንግዳው ኦርኬስትራ አቀናብረው ሰጡት፤ ኦርኬስትራውም ተጫወተው። ይህ የእንግዳ አቀባበል ብቻ አልነበረም። አቀናባሪ ለአቀናባሪ ሊሰጠው የሚችለው ከፍተኛ ስጦታ በእጁ የጻፈው ኖታ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ስጦታውን የሚያከብረው በመጫወት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ የአሜሪካ የጃዝ ኦርኬስትራ አዲስ አበባ እስኪጫወት 30 ዓመት አለፈ። በጃኑዋሪ 2004 የመጣው በቦስተን አካባቢ በሳክስፎን ተጫዋቹ ረስ ገርሾን በ1985 የተመሠረተው አይዘር ኦርኬስትራ ነው። ይህ አሥር ሰዎች ያሉት ቡድን የኢትዮጵያን ዜማዎች መጫወት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር፤ በ2000 በወጣው አልበሙ ውስጥም አካቷቸዋል። በአዲስ አበባው ዝግጅት ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባሕታ ገብረ ሕይወት፣ ጸደንያ ገብረ ማርቆስና ሚካኤል በላይነህ አብረውት ቀረቡ። ቅጂው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ቁጥር 20 ሆኖ ታተመ።

ቡድኑ ከሌሎች አገሮች አድናቂዎች የተለየው ቀጥሎ በወሰደው እርምጃ ነው። ዜማዎቹን ከተጫወተ በኋላ ከዜማዎቹ በስተኋላ የቆመውን ሰው ፈለገ። ከኢትዮጵያውያን ተጋባዥ ሙዚቀኞች ጋር የነርሲስን ሥራዎች እንደ ገና ለመድረክ አዘጋጀ፤ ይህም በዚያው ተከታታይ ቁጥር 32 ሆኖ በናልባንዲያን ስም ወጣ። አዲስ ዜማ ተደርሶ «ለነርሲስ መታሰቢያ» አልተባለም። ምስጋናው የቀረበው የተመስጋኙን የገዛ እጅ ሥራ በመጫወት ነው።

በዚህ ላይ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል፤ የሰውን ሥራ መልሶ መጫወት መታሰቢያ እንጂ ድርሰት አይደለም ሊባል ይችላል። ለድምፃዊ ወይም ለዜማ ደራሲ ቢሆን መቃወሚያው ሚዛን ይደፋ ነበር። ለአቀናባሪ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኖታው የአቀናባሪው ብቸኛ ፊርማ ነው። ሌላ ኦርኬስትራ፣ በሌላ ዘመን፣ በሌሎች መሣሪያዎች ሲጫወተው ደግሞ እንደ ገና መቀናበር አለበት፤ ማን ዜማውን ይያዝ፣ ማን ይመልስ፣ ማን ይተንፍስ የሚለው ውሳኔ ሁሉ ዳግመኛ ይወሰናል። አመስጋኙ ተመስጋኙ በተቀመጠበት ወንበር ተቀምጦ በዚያው ችግር ላይ ይደክማል፤ በሲ አለመኖር፣ በአንቺሆዬ ጥበት ይቸገራል። ኩፕራንን ለማሰብ ራቬል የኩፕራንን ዘመን የጭፈራ ቅርጾች እንደ ተጠቀመ ሁሉ ነርሲስንም ለማሰብ ከነርሲስ ሥራ ሌላ የተሻለ ቅርጽ አይገኝም።

፮. «ኢትዮጵያዊው»

ለቋንቋ ተመራማሪ ከሙዚቃው ባልተናነሰ የሚያነጋግረው የአልበሙ ርእስ ነው፤ ነርሲስን «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» ብሎ ይጠራቸዋልና። በአይንታብ የተወለደ፣ በሐለብ ያደገ፣ ቤተሰቡ ከእልቂት የሸሸ ሰው በዚህ ቅጽል መጠራቱ የውጭ አዘጋጆች ቸርነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህ አጠራር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ መሠረት አለው።

በትውፊት ተስዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት መነኮሳት ከውጭ አገር መጥተው በአክሱም መንግሥት ወንጌልን ያስፋፉና ገዳማትን የመሠረቱ ናቸው። የሚጠሩት ግን በወጡበት አገር አይደለም። አባ ጳንጠሌዎን «ዘጾማዕት» ይባላሉ፤ የኖሩባት በዓታቸው መጠሪያቸው ሆነች። አባ አረጋዊም ሲነሡ አብሮ የሚነሣው ደብረ ዳሞ ነው። በግእዙ «ዘ» የሚገለጠው ዝምድና የትውልድ ሳይሆን የአገልግሎት ነው፤ ሰው የሚጠራው በደከመበት ቦታ ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት አርባ ዓመት ገደማ በአዲስ አበባ የደከሙትን አቀናባሪ «ኢትዮጵያዊው» ማለት አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የቆየውን ሰዋስው በአዲስ ሰው ላይ ማዋል ነው። የሚያሳዝነው ቅጽሉ ባለቤቱ ሊሰማው በማይችልበት ጊዜ መምጣቱ ነው። ሳይዘገይ ሊነገር ይችል የነበረ ቃል ዘግይቶ ተነገረ።

፯. ጅቡቲ፦ ሳይዘገይ

ነርሲስ ባረፉበት በ1977 ጅቡቲ ነጻ ወጣች። አዲሲቱ አገር ሙዚቃዋን በመንግሥት ተቋማት ዙሪያ አሰባሰበች፤ ይህም ከአዲስ አበባ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው። «ካትር ማርስ» የተባለው ትልቅ ቡድን ስሙን ያገኘው ገዥው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከማርች 4 ቀን 1979 ነው። የአገሪቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ በምሕጻሩ አርቴዴ፣ የራሱ ሙዚቀኞች አሉት፤ በበዓልና በእንግዳ አቀባበል ይጫወታሉ። ከአንድ ቀን ወደ አንድ ተቋም፣ ከአርባ ልጆች ወደ ምሕጻረ ቃል፤ በዚህም በኩል ስሙ የወል ስም ነው።

የአርቴዴ ቤተ መዝገብ ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅሎችን ይዟል። የአሜሪካው ኦስቲናቶ ሬከርድስ ኩባንያ ወደዚህ መዝገብ እንዲገባ ተፈቅዶለት በ2019 የራዲዮውን ቡድን በሦስት ቀን ውስጥ በከተማዪቱ ቀረጸ፤ ሥራውም በ2020 ለዓለም ገበያ ወጣ። ሰሚው በአምስት ድምፅ የሚሄደውን የሶማሊ ዜማ ከህንድ ፊልም ሙዚቃ፣ ከጃማይካ ሬጌና ከአሜሪካ ጃዝ ጋር ተቀናብሮ ያገኘዋል። ነርሲስ በወረቀት ላይ የተጋፈጡት ችግር እዚህም አለ፤ አምስቱን ድምፅ ሳያፈርሱ ብዙ መሣሪያ ማሰለፍ። መልሱ ግን የጅቡቲ ሙዚቀኞች መልስ ነው።

በቡድኑ ውስጥ ሳክስፎን የሚጫወቱት መሐመድ አብዲ «አልቶ» በሚል ቅጽል ይታወቃሉ፤ ቅጽሉ የመሣሪያቸው ስም ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ወደብ የገቡት አርባ ልጆች ከነመሣሪያቸው በቁጥር ተጠርተው ስማቸው ጠፋ። እዚህ ግን ከተማዪቱ አንድን ሙዚቀኛ ከሕዝብ መካከል ለይታ በሚነፋው ነገር ጠራችው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ተተኪ ኦርኬስትራ አንድ ቀን መታሰቢያ ሊያቀርብ ቢፈልግ ለማን እንደሚያቀርብ የሚያውቀው እንዲህ ባለው ስም ነው።

የሶማልኛው ልማድ ቃሉን፣ ዜማውንና ድምፁን ለይቶ መጥራት ያውቃል። ለእያንዳንዱ ጥቅል በሚዘጋጀው ዝርዝር ላይ አራተኛ መስመር ቢጨመር፣ ቅንብሩ የማን እንደ ሆነ፣ ማን ምን እንደ ተጫወተ ቢጻፍ፣ ልማዱ በተፈጥሮው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በቀረጻው ዕለት በስቱዲዮው ከነበሩት መካከል በሕይወት ያሉትን ጠርቶ ጥቅሉን ማሰማትና መጠየቅ ይበቃል። በአዲስ አበባ ለአንድ አቀናባሪ ይህ የሆነው ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከባሕር ማዶ በመጡ ሰዎች እጅ ነው። በጅቡቲ ከተማ የሚጠየቁት ሰዎች ገና አሉ፤ አንዳንዶቹም ዛሬ ማታ ይጫወታሉ።